ኩሽኔታ

በወሩ ማብቂያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
ፍራንኮ ሲያንቀላፋ፣ ሲበረታ ሙቀት፣
ባጃጆች በዛፍ ጥላ ተራ ሲጠብቁበት፣
ሲምቦ ትመጣለች።
ቦርሳዋን ስትከፍት ብሩሽ፣ ካቻቢቴ፣ አቧራ መንፊያ አለች፤
ደግሞ አንዲት ሣጥን፣ መዳፍ የምታክል፣ በሻርፕ የተጠቀለለች።

ከመጋዘናችን ጀርባ፣ ከጎማው ቁልል ኋላ፣
ከፍሬን ሸራው፣ ከዘይት በርሜሉ ሌላ፣
ጠባብ ክፍል አለ፤
ውስጡ ጥቁር ሰርቨር፣ ሌት ተቀን ለራሱ እያጉረመረመ ያለ።
የአሰላው ዱቤ፣ የመተሐራው ቀሪ፣ የወንጂው ትእዛዝ፣
እኔ እረሳለሁ፤ እሱ ነው የሚይዝ።

ተንበርክካ ክዳኑን ትፈታለች፤
የአዳማን ነፋስ በብሩሽ ታወጣለች፦
ያንኑ ነፋስ፣ ኮረብታው ላይ ነጭ ክንፍ አዙሮ መብራት የሚሰጥ፣
እኛ ዘንድ ሲደርስ አቧራ ሆኖ የሚሰርግ ውስጥ ለውስጥ።
ያበጠውን ባትሪ ሳይፈነዳ ታነሣለች፤
ሥራ የለቀቀውን ልጅ የይለፍ ቃል ትሰርዛለች፤
ከዚያ ከሻርፑ ሣጥን አንድ ያረጀ ደረሰኝ መርጣ
ከሞት ታስነሣዋለች፣ እንደ አልዓዛር፦ «ና ውጣ!»
«ያልተሞከረ ቅጂ» ትላለች «ተስፋ ነው እንጂ መድን አይደለም።»
ትሄዳለች።
ምንም አልሆነም።

ጋሽ በዳሳ ይጠይቁኛል፤ የሒሳቡ ሰው እኔ ነኝ።
«ይቺ ልጅ ምን ሠራች? እስኪ አስረዳኝ።
ተበላሽቶ ነበር?»
«ኧረ አልተበላሸም።»
«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣች?»
«እንዳይበላሽ።»
«ጤነኛ ሰው መርፌ ይወጋል እንዴ?»
ይስቃሉ። ቼኩን ግን ይፈርማሉ እያጉተመተሙ፣
አንዱን ፊደል ከሌላው ሳያስማሙ።

እኔም መልስ የለኝ።
መዝገቤ ገቢ አለው፣ ወጪ፣ ዱቤ፣ ኪሳራ፤
ላልደረሰ ነገር ዓምድ ማን ሠራ?
ማዶ ያለው ብረታ ብረት፣ አምና ነሐሴ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
የሰባት ዓመት ዱቤው በአንድ ትንፋሽ ወጣ፤
በማግስቱ ባለ ዕዳ ጠፋ ከአዳማ፣
ሁሉም ከፍሎ ጨርሷል፤ እንዴት ያለ ቅን ከተማ!
«ሳይቃጠል በቅጠል» እንላለን ሁላችን፣
ቅጠል ይዞ የቆመውን ግን «እሳቱ የታል?» ይለዋል ጥርሳችን።

ኅዳር ላይ ሲምቦ ክዳኑን ሳትፈታ ቆመች።
«ጋሽ በዳሳ፣ ይምጡና ያድምጡ» አለች።
ሃያ ሁለት ዓመት በአሰብ መንገድ ተሳቢ የነዱ ሰው፣
ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያቃሰቱ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው
ዝም።
እኛም ዝም።
ውጭ አንድ አይሱዙ አለፈ፤ አልሰሙትም።
ዓይናቸው ተከደነ፤ ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን ፈለገች፤
ድምፃቸው ስትወጣ የሌላ ሰው መሰለች፦
«ኩሽኔታ ነው።»
«ማራገቢያው ነው» አለች ሲምቦ።
«ስሙን አንቺ እወቂ።
እኔ ኩሽኔታ ሲያለቅስ አውቃለሁ። ሚሌ በረሃ፣ ሌሊት፣
ሰምቼው፣ ሬዲዮ ጨመርኩበት።
ሦስት ቀን ከነጭነቴ ቆምኩ፤ ረዳቴ የራዲያተር ውሃ ጠጣ።
ስንት ነው ዋጋው? ዛሬውኑ ይምጣ።»
በዋጋ ሳይከራከሩ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

አሮጌው ማራገቢያ አሁን ጠረጴዛቸው ላይ ደረሰኝ ይጫናል፤
አንዳንዴ ስልክ ሲያወሩ፣ በጣታቸው ሲሽከረከር ይሰማል።
እኔ ደግሞ ከመዝገቡ መጨረሻ ገጽ ላይ፣ በእርሳስ፣
ወሩ ሲደርስ
እጽፋለሁ፦ «ቅዳሜ። ምንም አልሆነም።»
የቱ ዓምድ ሥር እንደሚገባ ብዙ አሰብኩ። ወጪ ሥር አይደለም።
ኦዲተር ቢመጣ የማሳየው ወረቀት የለኝም፤
ጠባቡን በር እከፍታለሁ።
«ጎንበስ ይበሉ» እላለሁ፣ «ጆሮዎን ያስጠጉ።
የሚያለቅስ የለም፣ አይደል?»